የሸክላ ዕቃን የማዘመን ሥራ እርሳስን ወደ ማዕድ እንዳያመጣ

የአርሶ አደሩ ጓዳ ያለ ሸክላ አይታሰብም። እንጀራው በምጣድ ይጋገራል፣ ወጡ በሸክላ ድስት ይሠራል፣ ቡናው በጀበና ይፈላል፣ የድግሱ ጠላ በጋን ይጠመቃል። ይህ ሁሉ ዕቃ ከአካባቢው አፈር ተቦክቶ፣ በእጅ ተሠርቶ፣ በእንጨትና በኩበት ተቃጥሎ ወደ ገበያ የሚወጣ ነው። ፋብሪካ አያስፈልገውም፤ የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም። የሚሠሩትም በአብዛኛው የገጠር ሴቶች ናቸው።

ይሁን እንጂ የሸክላ ገበያ እንደ ቀድሞው አይደለም። እንስራ ቦታውን ለፕላስቲክ ጀሪካን ለቅቋል። የሸክላ ድስትም በአሉሚኒየምና በብረት ድስት እየተተካ ነው። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ከሩቅ ተሸክማ፣ ማገዶ ገዝታ፣ ከሚቃጠለው ዕቃ የሚሰነጠቀውን ጥላ ቀሪውን ገበያ ብታወጣም የምታገኘው ገቢ ከድካሟ ጋር አይመጣጠንም። ስለዚህ ሙያውን ለመደገፍ፣ ሠሪዎቹን ለማደራጀትና ምርቱን ለማዘመን መታሰቡ ተገቢ ነው።

ጥያቄው ማዘመን ሲባል ምን ማለት ነው የሚለው ነው። ስለ ሸክላ ሥራ መሻሻል በተነሳ ቁጥር ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ዕቃውን እንደ ፋብሪካ ሲኒ ማብረቅረቅ ነው። ለዚህም በሙያው ግሌዝ የሚባለው መስታወት መሰል ቅብ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ግን ቆም ብሎ ቅቡ ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ይገባል። ቅቡ እርሳስ ያለበት ከሆነ ገበያ ለማግኘት ተብሎ የተገባበት ሥራ መርዝ ወደ ማዕድ ማቅረብ ይሆናል። ይህ ስህተት በሌሎች ሀገሮች ተፈጽሞ ለማረም እጅግ አስቸግሯል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ባህላዊው ሸክላ ያለ ግሌዝ የሚሠራ በመሆኑ ችግሩን ከመነሻው ማስቀረት ይቻላል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጊዜው አሁን ነው።

በቅድሚያ እርሳስ ሲባል የተማሪ መጻፊያ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። የመጻፊያው ጥቁር ክፍል ግራፋይት የሚባል ጉዳት የሌለው የካርቦን ዓይነት ነው። እዚህ የሚነገርለት በመኪናና በፀሐይ ኃይል ባትሪ ውስጥ የሚገኘው፣ ከባድ፣ ለስላሳና በቀላሉ የሚቀልጠው ብረት ነው። በስም ቢመሳሰሉም በጉዳት ፈጽሞ አይገናኙም።

ይህ ብረት ከሸክላ ጋር የተገናኘበት ምክንያት ግልጽ ነው። ግሌዝ በመሠረቱ ስስ የመስታወት ሽፋን ነው። የተፈጨ የአሸዋ ማዕድን ከሌሎች ነገሮች ጋር ተደባልቆ በውኃ ይበጠበጣል፤ ዕቃው ላይ ይቀባል፤ ከዚያም በእሳት ቀልጦ ከሸክላው ጋር ይጣበቃል። ነገር ግን ንጹሕ የአሸዋ ማዕድን ብቻውን እንዲቀልጥ ከ1 ሺህ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። በሜዳ ላይ በእንጨት፣ በኩበትና በሣር የሚቃጠል ሸክላ የሚያገኘው ሙቀት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ነው። በመሆኑም ማዕድኑ በዝቅተኛ ሙቀት እንዲቀልጥ የሚረዳ ነገር መጨመር ግድ ይላል። ከጥንት ጀምሮ በብዙ ሀገሮች ለዚህ የተመረጠው የእርሳስ ኦክሳይድ ነው። ብቻውን በ888 ዲግሪ የሚቀልጥ ሲሆን ከአሸዋው ማዕድን ጋር ሲደባለቅ ከዚያም ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ የሚሰጠው ገጽም ለስላሳና አንጸባራቂ ነው። የእንጨት እሳት ብቻ ላለው ሸክላ ሠሪ ከዚህ የሚቀል መንገድ አልነበረም።

ጉዳቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በጥንቃቄ ተመጥኖ በተቆጣጠሩት ከፍተኛ ሙቀት የተቃጠለ ቅብ እርሳሱን በመስታወቱ ውስጥ አጥብቆ ሊይዝ ይችላል። በገጠር ምድጃ ግን ሙቀቱ አንዱ ጋ ከፍ፣ ሌላው ጋ ዝቅ ስለሚል ቅቡ እኩል አይቀልጥም። ያልተያዘው እርሳስ ኮምጣጣ ነገር ሲነካው ይሟሟና ወደ ምግቡ ወይም ወደ መጠጡ ይገባል። ምግቡ የበለጠ በኮመጠጠ፣ በዕቃው ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ በቆየና በሞቀ መጠን የሚወጣው እርሳስ ይጨምራል። ቅቡ ሲፋቅና ሲሰነጠቅም እንዲሁ ነው። እርሳስ የገባበት ምግብ በቀለምም ሆነ በሽታ አይለይም። እንዲያውም እርሳስ ከኮምጣጤ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ጨው ጣፋጭ በመሆኑ ጥርጣሬ አያስነሳም።

ይህ ለኢትዮጵያ ማዕድ ልዩ ትርጉም አለው። የገጠሩ ምግብና መጠጥ አብዛኛው የሚቦካና የሚኮመጥጥ ነው። ሊጡ በቡሃቃ ለቀናት ይቦካል። የጠላው ድፍድፍ በጋን ውስጥ ለቀናት ይሰነብታል። እርጎና አሬራ ኮምጣጣ ናቸው። ጠጅም በተፈጥሮው አሲድ አለው። ሎሚ፣ ቲማቲምና አዋዜም ከማዕድ አይጠፉም። የሸክላ ዕቃ የእርሳስ ደኅንነት በላቦራቶሪ የሚፈተሸው 4 በመቶ የአሴቲክ አሲድ ውሁድ፣ ማለትም እንደ ኮምጣጤ ያለ ፈሳሽ፣ ለ24 ሰዓታት እንዲቀመጥበት ተደርጎ ነው። አንድ ጋን ድፍድፍ የሚይዘው ከዚህ ለረዘመ ጊዜ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ሀገር በእርሳስ የተቀባ ሸክላ ሊያስወግድ ቢገባው፣ ምግቡን እያቦካ የሚበላ ሀገር ቀዳሚው ሊሆን ይገባል።

ኮምጣጣ መጠጥና እርሳስ ሲገናኙ ምን እንደሚከተል ታሪክ መዝግቧል። በእንግሊዝ ሀገር ዴቨን በተባለው የገበሬዎች አካባቢ ከፖም የሚጠመቀውን መጠጥ የሚጠጡ ሰዎች ለረጅም ዘመን በከባድ የሆድ ቁርጠት ይሠቃዩ ነበር። ጆርጅ ቤከር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1767 መንስኤው በፖም መጭመቂያው ላይ ከተሠራው እርሳስ የሚመጣ መሆኑን አሳወቀ። ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ ደግሞ በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ በእጅ በተሠራ፣ በእርሳስ በተቀባ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ የተቀመጠ የፖም ጭማቂ የጠጣ ሕፃን በመመረዝ ሞተ። ሐኪሞች ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ1970 በሕክምና መጽሔት አሳተሙት። በሁለቱም ቦታ የተጠጣው ከእርሻ የተገኘ ጤናማ ፍሬ ነበር፤ መርዙ የመጣው ፍሬው ካረፈበት ዕቃ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስገነዝበው ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን የሚባል አይታወቅም። እርሳስ ለሰውነት አንዳችም ጥቅም የለውም። ከገባ በኋላ በደም ውስጥ ይዘዋወራል፤ አንጎልን፣ ኩላሊትንና ደምን ይጎዳል፤ በአዋቂዎች ላይ የደም ግፊትን ያስከትላል። አብዛኛው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ተከማችቶ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ሴት ስታረግዝ በአጥንቷ ያለው እርሳስ ወደ ደሟ ተመልሶ ወደ ጽንሱ ሊያልፍ ይችላል። ልጅ ሳይወለድ መመረዝ ጀመረ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው። ከተመሳሳይ ምንጭ የገባላቸውን እርሳስ ከአዋቂ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ አብልጠው ወደ ሰውነታቸው ሊወስዱ ይችላሉ። ብረትና ካልሲየም የጎደለው ምግብ የሚመገብ ልጅ ደግሞ የበለጠ ይወስዳል። የልጁ የመማርና የማስታወስ አቅም ይቀንሳል፣ ትኩረቱ ይበታተናል፣ ጠባዩ ይለወጣል። በአንጎል ላይ የደረሰው ጉዳት በኋላ ሕክምና ቢደረግ እንኳ አይመለስም ተብሎ ይታመናል። ምልክቱ በአብዛኛው አይታይም፤ ሲታይም የሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ ድካም፣ ራስ ምታትና የደም ማነስ ስለሆነ ከሌላ በሽታ ጋር ይምታታል። ዩኒሴፍና ፒዩር ኧርዝ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ዘገባ በዓለም ከሦስት ሕፃናት አንዱ፣ ማለትም እስከ 800 ሚሊዮን የሚደርሱ ልጆች፣ በአንድ ዴሲሊትር ደማቸው 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ እንዳለባቸው ገልጸዋል። ዘገባው በምንጭነት ከጠቀሳቸው መካከል በእርሳስ የተቀቡ የሸክላ ዕቃዎች ይገኙበታል።

ችግሩ ሥር ከሰደደ በኋላ መንቀል ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት ሜክሲኮ ጥሩ ትምህርት ናት። በዚያ ሀገር የሸክላ ሥራ ከጥንት የነበረ ሲሆን በእርሳስ መቀባትን ያመጡት በ16ኛው ክፍለ ዘመን የገቡት ስፔናውያን ናቸው። ሸክላ ሠሪዎቹ ግሬታ የሚሉት የእርሳስ ኦክሳይድ ከዚያ ወዲህ የሙያቸው አካል ሆነ። ባቄላው፣ ቅመም የበዛበት ወጡ፣ ቡናውና የፍራፍሬ መጠጡ በሚያብረቀርቀው ማሰሮ ይሠራል፤ ይቀርባል። ማሰሮው የእናት ቤት መታሰቢያ፣ የሠርግ ስጦታ፣ የሀገር ኩራት ነው።

የሜክሲኮ መንግሥት ከሸክላ ዕቃ የሚወጣውን የእርሳስ መጠን የሚገድብ ደረጃ አውጥቷል። የእደ ጥበብ ማበረታቻ ተቋሙም ከእርሳስ ነፃ የሆነ ቅብ ለማስለመድ ለዓመታት ሠርቷል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2018 በተደረገው ሀገር አቀፍ የጤናና የሥነ ምግብ ጥናት፣ ከ100 ሺህ በታች ነዋሪ ባላቸው አካባቢዎች ከተመረመሩት ከ1 እስከ 4 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት ከአምስቱ አንዱ ያህል በደማቸው ከፍ ያለ እርሳስ ተገኝቶባቸዋል። በእርሳስ በተቀባ ሸክላ መጠቀምም ከዚህ ጋር ተያይዞ ታይቷል።

ደረጃው እያለ ችግሩ ያልተወገደበት ምክንያት ለወረዳ አመራሮች ጠቃሚ ነው። አዲሱ ቅብ ከለመዱት የበለጠ የሙቀት ቁጥጥር ይፈልጋል። ሠሪዎቹ በየገጠሩ የተበታተኑ ስለሆኑ ተቆጣጣሪ አይደርስባቸውም። ገዢው ደግሞ እርሳስ ያለበትንና የሌለበትን በዓይኑ መለየት ስለማይችል ለጥንቃቄው ተጨማሪ ዋጋ አይከፍልም። ስለዚህ በጥንቃቄ የሠራው ሠሪ ይከስራል፤ በአሮጌው መንገድ የቀጠለው ያተርፋል። ገበያው በዚህ መልክ ከተዋቀረ በኋላ ሕግ ብቻውን አይፈታውም።

ሌላው ማስጠንቀቂያ ከኢኳዶር ደጋማ ገጠር የሚገኝ ነው። በአንዲስ ተራሮች ላይ ባለችው ላ ቪክቶሪያ መንደር ነዋሪዎች የጣሪያ ሸክላና ሌሎች የሸክላ ውጤቶችን የሚቀቡት ከአሮጌ የመኪና ባትሪ ባወጡት እርሳስ ነበር። ምድጃው በመኖሪያ ግቢ ውስጥ፣ ከእርሻው አጠገብ ነው። ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ የልጆቹን ደም ሲመረምሩ በብዙዎቹ ላይ አደገኛ መጠን ያለው እርሳስ አገኙ። የመንደሩ አፈርም ተበክሏል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት በእርሳስ ቅብ መጀመሪያ የሚጎዳው ገዢው ሳይሆን ሠሪውና ቤተሰቡ መሆኑ ነው። ዱቄቱን የምትበጠብጠው እናት፣ በአጠገቧ የሚድኸው ሕፃን፣ የምድጃው ጭስ የሚያርፍበት ጓሮና ጎመኑ ሁሉ ከማንም በፊት ይመረዛሉ።

የባትሪው ጉዳይ ለኢትዮጵያ ገጠር ሩቅ አይደለም። የመኪና፣ የባጃጅና የፀሐይ ኃይል ባትሪ በየወረዳው ገብቷል። ሲያረጅ ለቆራሌው ይሸጣል ወይም ግቢ ውስጥ ይጣላል። እርሳስን አቅልጦ ለልዩ ልዩ ጥቅም ማዋል የሚያውቅ ሰው ባለበት ቦታ፣ ነገ ሸክላ ማብረቅረቅ ገንዘብ የሚያስገኝ ሆኖ ከታየ የባትሪ እርሳስ ለዚህ ሥራ እንደማይውል ማረጋገጫ የለም።

የኢትዮጵያ ባህላዊ ሸክላ በዚህ ረገድ ያለውን መልካም ነገር መገንዘብ ያስፈልጋል። ባህላዊው ዕቃ መስታወት አይለበጥም። ሸክላ ሠሪዋ ገጹን ገና ሳይደርቅ በለስላሳ ድንጋይ ወይም በሌላ መፋቂያ ደጋግማ ታሸዋለች፤ ከእሳት ሲወጣም በጭስና በቅጠል ታጠቁረዋለች። ጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች ያሳወቁት ጥቁር ሸክላ የዚህ ሙያ አንዱ ምሳሌ ነው። ገዢዋም አዲስ ዕቃ ቤቷ ስታስገባ ታሟሸዋለች። ምጣዱ በጎመን ዘር እየታሸ ይሟሻል፤ ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። የቅባቱ እህልና ጭሱ የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናሉ። ይህ ዘዴ የሚጠይቀው ጎመን ዘርና ወይራ እንጂ እርሳስ አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ያልተቀባ ሸክላም ጉድለት አለበት። ፈሳሽ ያልባል፣ ሽታ ይይዛል፣ በቀላሉ ይሰበራል፣ ለማጠብም ያስቸግራል። ሆቴሎችና የከተማ ገዢዎች የሚታጠብና የሚያብረቀርቅ ዕቃ ቢፈልጉ አይፈረድባቸውም። ሸክላ ሠሪዋም የተሻለ ዋጋ የማግኘት መብት አላት። በብዙ አካባቢ ቡዳ እየተባለች ስትገለል፣ ከምትሠራው ዕቃ ሁሉም እየበላ ከማዕድ ስትለይ የኖረች ባለሙያ ናት። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚለው አባባል ከራሷ ሙያ ተጠቃሚ አለመሆኗን ይናገራል። ስለዚህ ግሌዝ አደገኛ ነው ብሎ በሩን ዘግቶ መቀመጥ መፍትሔ አይሆንም።

አደገኛው ግን እርሳሱ እንጂ ግሌዙ አይደለም። ቦሮን በተባለው ማዕድን የሚሠሩ፣ ከ1 ሺህ ዲግሪ በታች የሚቀልጡና እርሳስ የሌለባቸው ቅቦች አሉ። ከዚያ ከፍ ባለ ሙቀት የሚቀልጡ ሌሎችም አሉ። ለእነዚህ ሙቀቱን እኩል የሚያደርስ የተዘጋ ምድጃ ያስፈልጋል። የተዘጋ ምድጃ ደግሞ በሜዳ ላይ ከማቃጠል ይልቅ ሙቀትን ስለሚቆጥብ ለእርሻው ማዳበሪያ ሊሆን የሚችለውን ኩበትና ለተራራው የሚያስፈልገውን ዛፍ ለማትረፍ ይረዳል። እንግዲህ እውነተኛው ማዘመን የሚጀምረው ከምድጃው ነው። ምድጃውን ሳያሻሽሉ ማብረቅረቅ ብቻ መፈለግ ሠሪዋን ወደ እርሳስ መግፋት ነው፤ በዝቅተኛ እሳት በቀላሉ የሚያብረቀርቀው እርሱ ነውና።

ከዚህ አንጻር የወረዳ አስተዳደሮችና ጽሕፈት ቤቶች ሊሠሯቸው የሚገቡ ተግባራት አሉ። የመጀመሪያው ለሸክላ ሥራ ሥልጠና፣ ብድር ወይም የግብዓት ግዥ ሲታቀድ ቅቡ ከእርሳስ ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጥ የአምራቹ የጽሑፍ ማስረጃ እንዲቀርብ ማድረግ ነው። ማስረጃ የሌለው ቅብ ለማንኛውም የምግብና የመጠጥ ዕቃ እንዳይውል በግዥ መስፈርቱ ላይ በግልጽ ሊሰፍር ይገባል። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በጨረታ ሰነድ ላይ አንድ መስመር መጨመር ይበቃል። ሥልጠናውም ስለ ቀለምና ቅርጽ ብቻ ሳይሆን ስለ እርሳስ ጉዳትና ስለ ምድጃ ሙቀት የሚያስተምር ሊሆን ይገባል።

ሁለተኛው ፍተሻ ነው። በቅብ የተሠራ የመጀመሪያው ዙር ምርት ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ናሙናው አቅም ወዳለው ላቦራቶሪ ተልኮ በኮምጣጣ ፈሳሽ ሊመረመር ይገባል። ለንጽጽር ያህል የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለሲኒና ለኩባያ ያስቀመጠው ጣሪያ፣ በዚህ ምርመራ ከዕቃው የሚወጣው እርሳስ በአንድ ሊትር ከ0.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ነው። ቀለም በመቀየር እርሳስ መኖሩን የሚያመለክቱ ፈጣን መፈተሻዎችም አሉ። ሆኖም እነዚህ አደጋውን ለመጠቆም እንጂ ዕቃው ንጹሕ ነው ብሎ ለማረጋገጥ አይበቁም።

ሦስተኛው አሮጌ ባትሪን የሚመለከት ነው። ባትሪ መስበርና እርሳስ ማቅለጥ በመኖሪያ ግቢ፣ በሸክላ ማቃጠያ ቦታና በእርሻ ማሳ አጠገብ እንዳይካሄድ የቀበሌ አስተዳደሮች ሊከታተሉ ይገባል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም የማሳ ክትትል ሲያደርጉ ይህን አብረው ቢመለከቱ ሥራው ተጨማሪ በጀት አይፈልግም። አንድ ጊዜ በእርሳስ የተበከለ አፈር በዝናብና በእርሻ ብዛት አይጸዳም።

አራተኛው ያልተቀባውን ባህላዊ ሸክላ ራሱን ለገበያ ማብቃት ነው። ሸክላ ሠሪዎች በብዙ ቦታ የሚቸገሩት በአፈር ነው። ጥሩ የሸክላ አፈር ያለበት መሬት የግለሰብ ይዞታ ወይም የግጦሽ ቦታ ስለሚሆን ለመቆፈር ይለምናሉ፤ ይከለከላሉ። ወረዳው የሸክላ አፈር የሚወጣበትን ቦታ ለይቶ፣ ከተቆፈረ በኋላ መልሶ የሚለማበትን ሁኔታ አስቀምጦ ለማኅበራቱ ቢሰጥ ከማንኛውም ማብረቅረቂያ በላይ ይጠቅማቸዋል። ከእርሳስ ነፃ የሆነ፣ በጎመን ዘር የተሟሸ ሸክላ ተብሎ ቢሸጥም ለከተማ ገዢ ጥሩ መለያ ነው። በቆጡ ላይ ያለውን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን፣ በእጅ ያለውን ጥቅም አውቆ መጠበቅ ብልህነት ነው።

በቤተሰብ ደረጃም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሀገር ውስጥ የተሠራ፣ መስታወት ያልተለበጠ ምጣድ፣ ድስት፣ ጋንና ጀበና የሚጠቀም አርሶ አደር ከግሌዝ እርሳስ ስጋት ነፃ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሚጥለው ዕቃ የለም። ጥንቃቄ የሚሻው ምንጩ ያልታወቀ፣ በእጅ የተሠራና የሚያብረቀርቅ፣ ወይም ከውስጥ በኩል በደማቅ ቀለም ያጌጠ ዕቃ ነው። እንዲህ ባለው ዕቃ ኮምጣጣ ነገር፣ ማለትም ጠላ፣ ጠጅ፣ እርጎ፣ ሊጥ፣ የሎሚ ጭማቂና የቲማቲም ወጥ ማስቀመጥም ሆነ ማፍላት አይገባም። ቅቡ የተፋቀ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ለጌጥ ብቻ ማዋል ይሻላል። ዕቃውን መቀቀል ወይም ደጋግሞ ማጠብ እርሳሱን አያስወግድም።

በቤት መቀቢያ ዘይት ቀለም የተዋበ ጀበና ወይም ማሰሮም ለምግብ አይሆንም። ኢትዮጵያ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429/2010 በቀለም ውስጥ የሚኖር እርሳስ በአንድ ሚሊዮን ክፍል ከ90 እንዳይበልጥ ወስናለች። ይህ ጥሩ እርምጃ ነው። ነገር ግን ደንቡ የወጣው የግድግዳና የዕቃ ቀለምን ለመቆጣጠር እንጂ ቀለሙ ምግብ እንዲቀመጥበት ለመፍቀድ አይደለም። የደንቡ መንፈስ ወደ ሸክላ ቅብም ቢሻገር ተገቢ ነው። የክልሉና የፌዴራል ተቋማት፣ በተለይም የምግብና የደረጃ ጉዳይ የሚመለከታቸው፣ ለምግብ የሚውል በግሌዝ የተቀባ ሸክላ ገበያውን ከማጥለቅለቁ በፊት የሚፈጸምና የሚመረመር መስፈርት ሊያዘጋጁ ይገባል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ስለ ንጽሕና ሲያስተምሩ ስለ ዕቃ ደኅንነት አንድ ሁለት ቃል ቢጨምሩ የሚገኘው ጥቅም ብዙ ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ያሉበት ቤት፣ ባትሪ የሚፈታ ወይም ብረት የሚያቀልጥ ሰው ያለበት ግቢ ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል። ልጆችን ብረትና ካልሲየም ያለው ምግብ፣ ለምሳሌ ጤፍ፣ ጎመን፣ ወተትና ባቄላ በአግባቡ መመገብ እርሳስ ወደ ሰውነት የሚገባበትን መጠን ይቀንሳል። ሆኖም ምንጩን ማስወገድን አይተካም።

የሸክላ ሥራ ከአርሶ አደሩ ማጀት ጋር ለዘመናት የኖረ ሙያ ነው። መሻሻል፣ መከበርና ገበያ ማግኘት ይገባዋል። ሜክሲኮ ለዘመናት የተላመደችውን ቅብ ለመተው አሁንም እየታገለች ነው፤ ኢትዮጵያ ግን ያልጀመረችውን መተው አይጠበቅባትም፤ አለመጀመር ብቻ ይበቃታል። ለዚህ የሚያስፈልገው በአንድ የግዥ ሰነድ፣ በአንድ ሥልጠና፣ በአንድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ቅቡ እርሳስ አለበት ወይ ብሎ የሚጠይቅ ኃላፊ ነው። ጥያቄው በጊዜው ከተጠየቀ ሸክላ ሠሪዋም ከነልጆቿ ትድናለች፤ ጠላውም፣ እንጀራውም፣ ቡናውም እንደ ጥንቱ ያለ ስጋት ይቀርባል።